ከሁለቱ ሸክላዎች የትኛው ይበልጣል?

ሰው የወደደውን ነገር ብቻውን ወድዶ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ሌላውም እንዲወድለት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ የራሱን ይዞ ሲመጣ ክርክር ይነሣል። የእግር ኳስ ወዳጅ ስለ ቡድኑ፣ የፈረስ ወዳጅ ስለ ፈረሱ፣ የቡና ወዳጅ ስለ አገሩ ቡና ሲከራከር ይውላል። የሙዚቃ ወዳጆች ክርክር ግን ከሁሉ የጠና ነው፤ ኳሱ በጎል፣ ፈረሱም በሩጫ ሲለካ፣ የዜማ ሚዛን በየሰው ልብ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራልና።

ዛሬ የምናነሣው ክርክር ኤሲ ዲሲ ስለሚባለው የአውስትራልያ የሮክ ሙዚቃ ቡድን ነው። የዚህ ቡድን ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከአርባ ዓመት በላይ ሳይበርድ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከሸክላዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። እኛም ከወዳጆቹ ወገን ስለ ሆንን በክርክሩ ብዙ ጊዜ ተካፍለናል። ዳሩ ግን ነገሩን ስንመረምረው ጥያቄው የሙዚቃ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም፤ ስለ ሟችና ስለ ተተኪ፣ ስለ ኀዘንና ስለ ሥራ የሚጠይቅ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ላልደረሰው አንባቢ ግልጥ እንዲሆን ታሪኩን በአጭሩ እንናገራለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ያንግ የሚባል የስኮትላንድ ቤተ ሰብ በ1963 ከግላስጎ ከተማ ተነሥቶ ወደ አውስትራልያ ተሰደደ። ከልጆቹ ሁለቱ፣ ማልኮምና ታናሹ አንገስ፣ በ1973 በሲድኒ ከተማ ቡድኑን አቋቋሙ። ስሙን ያገኘችላቸው እኅታቸው ስትሆን፣ እርስዋም ያነበበችው በስፌት መኪና ላይ ነበር፤ ሁለቱን ዐይነት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመለክት ምልክት ነው። አንገስ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ቁምጣ ለብሶ ከረባት አስሮ መድረክ ላይ መውጣቱም የዚችው እኅት ምክር ነው። በ1974 ቦን ስኮት የሚባል ዘፋኝ ተጨመረ። እርሱም በስኮትላንድ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አውስትራልያ የሄደ፣ አስቀድሞ ከበሮ መቺ የነበረ፣ ድምፁ ሻካራ፣ ቃሉ ግን ጨዋታ የተመላ ሰው ነበር።

ቦን ከቡድኑ ጋር ከሠራቸው ሸክላዎች የመጨረሻው በ1979 የወጣው «ሃይዌይ ቱ ሄል» ነው፤ በአማርኛ «የሲኦል ጎዳና» እንደ ማለት ይሆናል። ስሙን የሰሙ ብዙ ሰዎች ደነገጡ፤ ሙዚቀኞቹ ግን ከአገር አገር በአውቶቡስ መንከራተት ያለበትን ድካም ለመናገር የተሰጠ ስም እንደ ሆነ አስረድተዋል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሸክላዎች ያዘጋጁላቸው ታላቅ ወንድማቸው ጆርጅና ባልንጀራው ሃሪ ቫንዳ ነበሩ። ለዚህኛው ግን ሮበርት ጆን ላንግ የሚባል፣ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር የተወለደ አዘጋጅ ተመረጠ። ላንግ አንዱን ነገር ደጋግሞ በማሠራት የታወቀ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ የቦንን ድምፅ ከእንክርዳዱ ለይቶ አወጣው፤ ተቀባዮቹም በአንድ ቃል እንዲመልሱ አደረገ። ሸክላው በአሜሪካ የሽያጭ ተራ 17ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ቡድኑም ከዚያ በፊት በዚያ አገር እንዲህ ያለ ደረጃ አግኝቶ አያውቅም ነበር።

ደስታው ግን ዓመት አልሞላም። በየካቲት 19 ቀን 1980 ቦን ስኮት በሎንዶን ከተማ በቆመ መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 33 ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን ከመጠን ያለፈ መጠጥ እንደ ገደለው ወሰነ። የመታሰቢያ ቦታውም ወላጆቹ በነበሩበት በምዕራብ አውስትራልያ፣ በፍሪማንትል ከተማ ነው።

የቀሩት ቡድኑን ለመበተን አሰቡ፤ የሟቹ ቤተ ሰብ ግን ሥራቸውን እንዲቀጥሉ አበረታቱአቸው። ስለዚህም ብራያን ጆንሰን የሚባል የኒውካስል ሰው ተፈተነና ተመረጠ። እርሱ በዚያን ጊዜ የዘፈን ዘመኑ ያለፈ መስሎት፣ የመኪና ጣራ ሽፋን በማልበስ ሥራ ይተዳደር ነበር። አንገስ እንደ ተናገረው፣ ቦን ራሱ በሕይወቱ ሳለ ይህን ሰው መድረክ ላይ አይቶት አድንቆት ነበር። ከዚያም ወደ ባሃማስ ደሴቶች ሄደው፣ ከዚያው ከላንግ ጋር ሆነው ዐዲሱን ሸክላ ቀዱ። ሐምሌ 25 ቀን 1980፣ ቦን ከሞተ አምስት ወር ሲሆን፣ «ባክ ኢን ብላክ» ወጣ፤ ትርጓሜውም «ጥቁር ለብሶ መመለስ» ነው።

የዚህ ሸክላ ሽፋን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አሳታሚው ቢያንስ ስሙ ጐልቶ እንዲታይ ስለ ፈለገ፣ የቡድኑ ስም ዙሪያው በቀጭን ግራጫ መስመር ተከበበ እንጂ፣ ወንድማማቾቹ ያሰቡት ፍጹም ከል ነበር። መጀመሪያም የሚሰማው ጊታር አይደለም፤ ደወል ነው። ይህም ደወል በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ ከተማ፣ በታወቀው የደወል ፋብሪካ ለቡድኑ የተሠራ ሲሆን ክብደቱ 2000 ፓውንድ፣ ማለት 900 ኪሎ ያህል ነው። አስቀድሞ በዚያው ከተማ ካለው የጦርነት መታሰቢያ ግንብ የደወል ድምፅ ሊቀዱ ቢሞክሩ፣ ደወሉ በተመታ ቍጥር ርግቦቹ እየበረሩ በክንፋቸው ድምፅ አስቸገሩ፤ ስለዚህ ፋብሪካው ድረስ ሄደው ቀዱት። ሸክላው ምን ያህል እንደ ተወደደ ለማወቅ፣ በአሜሪካ ብቻ በ2019 የ25 ሚሊዮን ቅጂ ምስክር ወረቀት እንደ ተሰጠው መናገር ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። «ሃይዌይ ቱ ሄል» ይበልጣል የሚሉት፣ የቡድኑ ነፍስ ቦን ነበር ይላሉ። እርሱ የኑሮን መከራ ሲዘፍን እንኳ ባንድ ዐይኑ የሚጠቅስ ይመስላል፤ ሰሚው የሚስቅበትንና የሚያዝንበትን ለይቶ አያውቅም። ጆንሰን ግን ድምፁ ቢያስገርምም ያ ቧልት የለውም ይሉታል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ሰውን መጠጥ ገድሎት ሳለ ለመታሰቢያው በተሠራ ሸክላ ላይ «ሃቭ ኤ ድሪንክ ኦን ሚ» የሚባል የመጠጥ ግብዣ ዘፈን መኖሩን ይነቅፋሉ።

«ባክ ኢን ብላክ» ይበልጣል የሚሉት ደግሞ እንዲህ ሲሉ ይመልሳሉ፦ አንድ ቡድን ዘፋኙን በቀበረ በአምስት ወር ውስጥ ከፊተኛው የበለጠ ሥራ መሥራቱ ብቻውን ይበቃል፤ የመጠጡም ዘፈን ቢሆን ጨዋታ ወዳድ ለነበረ ሰው የተነሣ ጽዋ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። በሁለቱ መካከል ገብተው እንደ ሽማግሌ የሚያስታርቁም አልታጡም። እነርሱ በ1978 የወጣውን «ፓወሬጅ»ን ያስቀድማሉ፤ ይህንም ሸክላ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር መቺ ኪት ሪቻርድስ አወድሶታል። አስታራቂ ግን ሦስተኛ ከሳሽ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ የእነርሱም ዕጣ ይኸው ነው።

ሌላም ክርክር አለ። የዐዲሱን ሸክላ ግጥሞች ከፊሉን የጻፈው ሟቹ ነው፣ ማስታወሻ ደብተሩም ምስክር ነው የሚሉ አሉ። ጆንሰንና ባልንጀሮቹ ይህን ክደዋል፤ በሸክላውም ላይ በደራሲነት የተጻፉት የሁለቱ ወንድማማቾችና የጆንሰን ስሞች ናቸው። ይህን ነገር መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሙት ወቃሽም ሕያው ከሳሽም መሆን አንሻም። ነገር ግን ሰዎች ይህን አሳብ ለምን እንደሚወዱት እናውቃለን፤ ሟቹ በዐዲሱ ሥራ ውስጥ ድርሻ ቢኖረው፣ ዐዲሱን መውደድ ክዳት አይሆንባቸውምና።

በእኛ አስተያየት «ባክ ኢን ብላክ»ን ታላቅ ያደረገው የጊታሩ ጩኸት አይደለም፤ ዝምታው ነው። ስሙን የተሸከመውን ዘፈን ያዳመጠ ሰው ያስተውል፤ ማልኮምና አንገስ ጊታሮቻቸውን በአንድነት ይመቱና ያቆማሉ፤ ፊል ራድም ከበሮውን እየመታ አይቸኵልም፤ በመካከሉ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ያ ባዶ ስፍራ አንድ ሰው እንደ ጐደለ የሚናገር ይመስለናል። በሸክላው ላይ አንድም የለቅሶ ዜማ የለም፤ ዐሥሩም ዘፈኖች የሚያስጨፍሩ ናቸው። ኀዘኑ በቃል አልተነገረም፤ በሽፋኑ ቀለም፣ በደወሉና በዝምታው ብቻ ታወቀ። ሙሾ አውራጅ ሳይኖርበት ለቅሶ የተደረገበት ሥራ ይኸው ነው።

ጊዜም የራሱን ፍርድ ሰጥቶአል። ጆንሰን ከቡድኑ ጋር መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው በሰኔ 1980 በቤልጅየም አገር በናሙር ከተማ ነበር። በ2016 የመስማት ኃይሉ ስለ ተጐዳ መዝፈኑን ሲያቋርጥ፣ አክስል ሮዝ የሚባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ለጊዜው ተተካ። በዚያው በቤልጅየም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች «እኛ የምንፈልገው ጆንሰንን ነው» በማለት ትኬታቸውን መለሱ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በሰው ወንበር ተቀመጠ ይባል የነበረው ሰው፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ወንበሩ የራሱ ሆኖ፣ ሌላው እንዳይቀመጥበት የሚከላከሉለት ወዳጆች አፈራ። ማልኮምም በ2017 ሲያርፍ የቀሩት የሠሩት ሥራ ያንኑ የቀድሞውን ነው፤ ጆንሰን ተመልሶ በ2020 «ፓወር አፕ» የሚባለውን ሸክላ አወጡ፤ አንገስም ይህ ለወንድሙ መታሰቢያ እንደ ሆነ ተናገረ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ከማወቃችን ይልቅ በገዛ ማኅበራችን ያየነው አስተምሮናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን ሸክላ ከምንሰማው ወዳጆች መካከል በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ጋሼ የቦን ወገን ነበሩ። «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወንበሩን ለሌላ ይሰጣሉን?» ብለው ሲቈጡ፣ ከመካከላችን ታናሹ ሁልጊዜ ይመልስላቸው ነበር፤ «ጋሼ፣ ወንበሩ ባዶ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የቦንን ስም ማን ያነሣልዎ ነበር?» ይላቸዋል። እርሳቸውም «አንተ ገና ለጋ ነህ፤ ስትቀብር ታውቀዋለህ» ይሉት ነበር። ይህ ንግግር ሳይለወጥ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ አርባቸው እስኪያልፍ ድረስ አልተሰበሰብንም። በተሰበሰብንም ቀን ሸክላው ተሰማ፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ክርክሩን ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ የሚሸነፍልን ሄዶአልና። በመጨረሻ ያ ታናሻችን አቀርቅሮ ከቈየ በኋላ «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወንበሩን ለሌላ ይሰጣሉን?» አለ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲቃወመው የነበረውን ነገር፣ በጋሼ ቃልና በጋሼ ቍጣ፣ አንድም ሳያስቀር ተከራከረለት። ከእኛም አንዱ የእርሱን የቀድሞ መልስ ወስዶ መለሰለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ ወገን በማኅበራችን ጠበቃ አጥቶ አያውቅም፤ ተራ ገብተን እንይዘዋለን።

በዚያን ቀን የጥያቄው ፍች ተገለጠልን። የሟችን ስፍራ መያዝ ሟችን መርሳት አይደለም፤ ስፍራው እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው። ጆንሰን ቦንን ለመምሰል አልሞከረም፤ በራሱ ድምፅ ዘፈነ፤ የቦንን ዘፈኖች ግን በየመድረኩ ሲዘፍን ኖረ። በእርሱ ምክንያት ቦን ስኮት ከሞተ በኋላ የተወለዱ ሰዎች የቦንን ቃል በቃላቸው ያውቃሉ።

ስለዚህ በበኩላችን «ባክ ኢን ብላክ»ን እናስቀድማለን። የምናስቀድመው ግን ከ«ሃይዌይ ቱ ሄል» ለይተን አይደለም፤ ያለ ሟች ተዝካር እንደማይኖር፣ ያለ ፊተኛው ሸክላ ኋለኛው ትርጕም የለውም። ሁለቱን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር የምንመክረው ይህን ነው፤ አንድ ምሽት ጊዜ ወስዶ አስቀድሞ የ1979ኙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ። በመጨረሻው ዘፈን መዝጊያ ላይ ቦን በዚያ ዘመን ከነበረ የቴሌቪዥን ቀልድ የወሰደውን የቧልት ቃል ጣል አድርጎ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ የ1980ውን ያስቀምጥ። ከሣቁ ቀጥሎ የሚሰማው ያ ደወል ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ ከዚያ ወዲያ ቢቸኵል፣ ወይም ፍርዱን ትቶ ዝም ቢል፣ ፈቃዱ የራሱ ነው። ክርክሩን ግን ብቻውን አያድርገው፤ የሚከራከረው ወዳጅ ያለው ሰው ገና ብዙ ሀብት አለውና።