ይድረስ ለውድ የእህቴ ልጅ ለማኅሌት

የኔ ዓለም፣ አያትሽ ቡና ባፈላች ቁጥር ስምሽን ሳታነሣ አትቀርም። የኖርዌይ ብርድ ልጄን እንዳይጎዳብኝ እያለች ትጸልይልሻለች።

ከትምህርት ቤት የስኪ ቡድን ልትወጪ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። እዚያ ያሉት ልጆች እግር ተከሉ ሲባል ስኪ የተገጠመላቸው ናቸው፤ አንቺ ግን ገና ትናንት ጀመርሽ። በየውድድሩ መጨረሻ መድረስሽ አሳፍሮሽ አንገትሽን ደፍተሻል አሉ። ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት ያሳለፍኩ አክስትሽ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሮቤል ተክለማርያም የሚባል ሰው አለ። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ በኒውዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ ስኪ ለመደ። ሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ ያስተናገደች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ አንቺው አዲስ አበባ ተወልዶ በረዶ አገር ያደገ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ኦሎምፒክ ግን ስለፈለጉ ብቻ የሚገባበት ቦታ አይደለም። አገሪቱ በዓለም አቀፉ ማኅበር የታወቀ የስኪ ፌዴሬሽን ሊኖራት፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴዋም ስፖርተኛውን ሊልከው ይገባል። ስፖርተኛው ደግሞ ከውድድር ውድድር እየዞረ የተወሰነውን ነጥብ ማሟላት አለበት። ኢትዮጵያ ሯጭ እንጂ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ስለዚህ ሮቤል ከመወዳደሩ በፊት ፌዴሬሽኑን ማቋቋም ነበረበት። አዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ ስለሌለ፣ ጎማ ያለው ስኪ አጥልቆ፣ በሁለት እጁ ምርኩዝ ይዞ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. በጣሊያን ቱሪን ከተማ በክረምት ኦሎምፒኩ መክፈቻ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ሰንደቅ ይዞ ስታዲየም ገባ። ቡድኑ አንድ ሰው ነበር፤ ባንዲራ ያዡም ተወዳዳሪውም እሱ ራሱ። ከሳምንት በኋላ ፕራጄላቶ በምትባል ስፍራ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ተሰለፈ። ይህ ውድድር፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሁሉም ባንድ ላይ የሚነሡበት አይደለም፤ በየ30 ሴኮንዱ አንዳንድ ሰው ይለቀቃል። ማን የት እንዳለ ሳታዪ ከሰዓት ጋር ብቻሽን ትታገያለሽ። በስኪው ወገብ ላይ የሚቀባው ሰም ከዕለቱ በረዶ ጋር ካልተስማማ፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፤ አለዚያም በረዶው ተጣብቆ አላስኬድ ይላል። ትልልቆቹ ቡድኖች ሰም ብቻ የሚፈትኑ ባለሙያዎች ይዘው ይመጣሉ። ሮቤል በዚህ ሁሉ መካከል 83ኛ ወጣ። ከኋላውም የቀሩ ነበሩ።

ወርቁን የወሰደው ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ ነው። የኢስቶኒያ ሕዝብ ቢቆጠር የአዲስ አበባን አያህልም፤ በዚያው ኦሎምፒክ ግን ሦስት ወርቅ አገኘች፤ ሦስቱም በዚሁ ስፖርት የመጡ ናቸው። እኛ በሕዝብ ብዛት ትልቅ አገር ነን፤ በሩጫማ ዓለም ያውቀናል። በረዶ ላይ ግን ትንሿ አገር እኛ ነን። በረዶ ላይ የአገር ትልቅነት የሚለካው ልጆቿ ስንት ትውልድ ሲንሸራተቱበት እንደኖሩ ነው። ስለዚህ 83ኛ የሚለውን ቁጥር ብቻውን አትዪው፤ ፊቱ ያሉት ከየት እንደተነሡ፣ እሱም ከየት እንደተነሣ አብረሽ እዪው። ሮቤል በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር ኦሎምፒክም ተሰልፎ 93ኛ ወጣ። ከእሱ በኋላ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግም ሆነ በቤይጂንግ የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም።

አሁን ያለሽበት አገር ሰው የሚኮራበትን ቢዮርን ዴሊን መቼም አስተማሪዎችሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ስምንት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ የ10 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ቆሞ አንድ ሰው ጠበቀ። የሚጠብቀው ኬንያዊውን ፊሊፕ ቦይትን ነበር። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ የነበረ፣ ስኪ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህሉ፣ ከሁሉም የመጨረሻ የሆነ ሰው ነው። ዴሊ ወደ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ ቦይት መስመሩን ሲያልፍ አቀፈው፤ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓትም በዚሁ ምክንያት ዘገየ። ቦይት በኋላ ለወለደው ልጅ ዴሊ ብሎ ስም አወጣለት። ስኪን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው የመጨረሻውን ተወዳዳሪ ያከበረው እንዲህ ነው። ታዲያ አንቺን ማን ነው የሚንቅሽ?

ልጄ፣ ሮቤል በሩን ራሱ ሠርቶ ነው የገባው። ለአንቺ ግን በሩ ተከፍቶልሻል፤ አሠልጣኝ አለሽ፣ የተሰመረ መንገድ አለሽ፣ በረዶው ከደጃፍሽ ነው። ስኪውን ጠልተሽው ከሆነ ተዪው፤ እኔም እናትሽም ቅር አይለንም። አፍረሽ ከሆነ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። ቢያንስ ይህ ክረምት እስኪያልቅ ከቡድኑ አትውጪ፤ በየውድድሩም እስከ መጨረሻው መስመር ሂጂ። ስንተኛ ብትወጪም ደውለሽ ንገሪኝ፤ ቁጥሩን ከአንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ሁሌም የምትወድሽ አክስትሽ