ስለ አጎበርና ከመዝገብ ስለ ቀሩት ልጆች

ሰው የዳነ ጊዜ ሕመሙን፥ የጠገበ ጊዜ ረኀቡን ፈጥኖ ይረሳል። እኔ ግን የረሳሁት ከዚህ የባሰ ነው፤ ያደግሁበትን ጎጆ ረሳሁ። ውድ አንባብያን ሆይ፥ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ ለየቤታችሁ የሚሆን ምክር ይወጣበት ይሆናልና።

በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፥ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በተዘረጋው በደንቢያ ሜዳ፥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። አገሩ ለም ነው፤ ጤፉም ሽምብራውም ያምርበታል። ነገር ግን ዝናሙ ሲያባራ ውሃው በየጉድጓዱና በየኮቴው ዱካ ይቋጠርና የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። የቀድሞ ሰዎች ንዳድ ይሉት የነበረው ወባ በአገራችን ያደረሰው ጥፋት ቀላል አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው ወረርሽኝ ብቻ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፥ 150,000 ያህል ሰውም እንደ ገደለ ተገምቷል።

በዚያ ሰሞን ለየቤቱ አጎበር ሊታደል ስለ ሆነ፥ ጽሕፈቴ ይነበባል ተብዬ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋራ ሕዝቡን እንድመዘግብ ተመረጥሁ። ደንቡ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር የሚል ነበር። በየደጃፉ እየቆምን የባልን፥ የሚስትንና የልጆችን ስም ጻፍን። መዝገቡን ስዘጋ ልቤ ረካ፤ አንድ ቤት እንኳ አልቀረም ብዬ ተኛሁ።

ለካ ቀርቶ ኖሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አጠገብ፥ ከዜማ መምህሩ ከየኔታ ዘንድ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ የሚያድሩባቸው ትንንሽ ጎጆዎች ነበሩ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ትተው ከሩቅ የመጡ ስለ ሆኑ፥ በማንም አባወራ ስም ሥር አልተጻፉም። ብዙዎቹም የደጋ ልጆች ነበሩ፤ የደገኛ ሰውነት ደግሞ ወባን ስላልለመደ ሕመሙ ይበረታበታል። እነዚህን ልጆች ቁራሽ ሲለምኑ በየቀኑ አያቸው ነበር። የሚያሳፍረኝም ይህ ነው፤ እኔ ራሴ ደበሎ ለብሼ፥ አኮፋዳ አንግቤ፥ ከመንደር ውሻ ጋራ እየታገልሁ ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ። ብዕሩ ግን በእጄ ሳለ ጎጆዎቹን እንደ ቤት አልቈጠርኋቸውም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፥ የ12 ዓመት ያህል ልጅ ከአጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተኰራምቶ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አልሁት።

«በረደኝ ጋሼ» አለኝ። ግንባሩን ብዳስሰው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ከጓደኛው ጋራ ደግፈን ወደ ጤና ኬላው ወሰድነው። የጤና ሠራተኛዋ ጣቱን ወግታ በጠብታ ደም መረመረችና ወባ መሆኑን ነገረችን። ከዚያም መዝገቡን አወጣች፤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። «መምህር፥ ይህ ልጅ በየትኛው ቤት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። እኔ ዝም አልሁ። ልጁ ግን ለእኔ የሚመልስልኝ መስሎት «ቤትስ የለኝም፤ ጎጆ ነው ያለኝ» አለ።

የተሰጠውን ኪኒን መላልሶ ስላስመለሰውና አእምሮውን መሳት ስለ ጀመረ፥ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ በዚያም መድኃኒቱ በመርፌ ተሰጠው። ሦስት ሌሊት ከአጠገቡ ሳልለይ አደርሁ። በአራተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ውሃ ለመነ፤ እግዚአብሔርም ልጁን ለእናቱ፥ እኔንም ከዕድሜ ልክ ጸጸት አተረፈ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ የኔታ ሄጄ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልቅሶውን ተወውና መዝገብህን አምጣ፥ ልጄ» አሉኝ። ልጆቹ ሲቈጠሩ 23 ሆኑ። ከዕደላው ከተረፈው 12 አጎበር ተሰጣቸው። አጎበሮቹን አንድ ቀን በጥላ ሥር አናፈስናቸው፤ አራቱን ማዕዘን በጎጆው ማገር ላይ በገመድ አሰርን፤ ጫፋቸውንም ትንኝ መግቢያ እንዳያገኝ ከተኙበት ቍርበት ሥር መለስን። ማታ ማታ ደጅ ሆነው ስለሚያጠኑ አጎበሩ በዚያ ሰዓት እንደማይጠብቃቸው፥ ስለዚህ እግራቸውን እንዲሸፍኑና ጥናታቸውን ጨርሰው ፈጥነው እንዲገቡ ነገርናቸው።

አጎበር ተራ ጨርቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እህል የሚቋጥርበት፥ ገመድ የሚገምድበትም አለ። ነገር ግን የወባ ትንኝ በተለይ በሌሊት የምትነድፍ ስለ ሆነች አጎበሩ በሁለት ወገን ይረዳል፤ ንድፊያዋን ይከለክላል፥ የተነከረበትም መድኃኒት የነካችውን ትንኝ ይገድላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 እስከ 2015 በአፍሪካ በመከላከል ሥራ ከቀረው የወባ ሕመም ውስጥ 68 በመቶውን ያስቀረው አጎበር መሆኑን ሊቃውንት ተመራምረው ጽፈዋል። አጎበሩ ሲያድፍ በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ከፀሐይ ሸሽጎ ማድረቅ፥ ሲቀደድም ሳይውል ሳያድር መስፋት ይገባል።

ወባው አለፈ ብለን እንዳንዘናጋ ደግሞ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ፥ 1,157 ሰውም መሞቱ ተነግሯል።

ከዚያ ወዲህ ለምዝገባ በወጣሁ ቍጥር ጥያቄዬን ለውጫለሁ። «የቤቱ ሰው ስንት ነው?» አልልም፤ «ዛሬ ማታ በዚህ ግቢ ስንት ሰው ያድራል?» እላለሁ። ይህን ስጠይቅ ያልተጠሩ ሰዎች ይወጣሉ። ከከብቱ በረት አጠገብ የሚተኛው እረኛ ይወጣል፤ በማድቤት የምታድረው ሠራተኛ ትወጣለች፤ ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ ይወጣል። ትንኝ የሥጋ ዘመድና ባዕድ አትለይም፤ ከውጭ የተኛውን ነድፋ ያገኘችውን ወባ ከውስጥ ወደ ተኛው ልጃችሁ ልታደርሰው ትችላለች።

ስለዚህ እናንት የቤት አባቶችና እናቶች ሆይ፥ አጎበር የታደላችሁ እንደ ሆነ ከመስቀላችሁ አስቀድሞ በየማደሪያው ዙራችሁ ቍጠሩ። የማይበቃ ቢሆን ነፍሰ ጡሮችንና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አስቀድሙ፤ ለቀሩት ደግሞ ወደ ጤና ኬላ ሄዳችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። በደጃችሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለሚቆመው ተማሪም ቁራሹን ስትሰጡት «ልጄ፥ የት ታድራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ይህን ጥያቄ በሰኔ ብጠይቅ ኖሮ፥ ያ ልጅ በጥቅምት በቃሬዛ ባልሄደ ነበር።