ሐይቁን ማን ጠጣው?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ ሐረማያ የሚባል ሐይቅ ይገኛል። ቀድሞ ብዙ ሰው ዓለማያ ይለው ነበር። በሐረር ከተማ ያደገ አንድ ሰው በልጅነቱ በበዓል ቀን ከወላጆቹና ከእኅቶቹ ጋራ ወደዚያ ይሄድ ነበር። እናቱ ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ትይዛለች፤ አባቱ በዛፍ ጥላ ሥር ጋቢውን ያነጥፋል፤ ልጆቹም ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጕልበታቸው ውኃ ውስጥ ይገቡና የውኃ ወፎችን ይቈጥራሉ። ማታ ሲመለሱ እግራቸው በጭቃ የተለወሰ ስለሚሆን በግቢው ቧንቧ ይታጠባሉ። ቧንቧውን ሳይዘጉ፣ ውኃው እንዲሁ እየፈሰሰ፣ እየተሳሳቁ ይረጫጩ ነበር። ያም የቧንቧ ውኃ ከዚያው ሐይቅ ተስቦ የመጣ ነበር፤ ልጆቹ ግን ይህን አላስተዋሉም።

ሰውዬው አድጎ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሚስት አግብቶም ልጅ ወለደ። ስለ ሐይቁ ማታ ማታ ስለሚያጫውተው፣ ልጁ «መቼ ነው የምታሳየኝ?» እያለ ይወተውተው ጀመር። የሐይቁን መጕደል በወሬ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ውኃ ፈጽሞ ይጠፋል ብሎ አላሰበም። በ1998 ዓ.ም. ልጁን ይዞ ሄደ። ከመኪና ወርደው ቢመለከቱ በውኃው ፈንታ የተሰነጣጠቀ ጭቃና ሣር፣ በሣሩም ላይ የተሰማሩ ከብቶች አዩ። ልጁ ዙሪያውን ተመልክቶ «አባባ፣ ሐይቁ የታለ?» አለ። አባቱ የሚመልሰው ቃል አጣ።

በአጠገባቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአህያ ላይ ጀሪካን ይጭኑ ነበር። ሰውዬውም ቍጣ በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «አባቴ፣ ይህን ሁሉ ውኃ ማን ጠጣው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት። «ልጄ፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ። ለጫቴና ለድንቼ በሞተር ስስብ ኖርሁ፤ ጎረቤቴም ይስብ ነበር። እያንዳንዳችን ‹የእኔ ሞተር ትንሽ ናት› እንል ነበር። የተራራውንም ዛፍ ለማገዶ ቈረጥነው፤ አፈሩ በዝናብ እየታጠበ ወርዶ የሐይቁን ሆድ ሞላው። አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?»

«የሐረር ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያስ አንተም ጠጥተኸዋል።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ፤ ያ ሳይዘጋ ይፈስ የነበረው ቧንቧ ትዝ አለው። ከዚያም ልጁ ቍጣውን ሰምቶ ነበርና፣ ፊቱን ወደ እርሱ መልሶ «ከጠጡት አንዱ እኔ ነኝ» አለው። ለአባት ይህን ለልጁ መንገር ቀላል አልነበረም።

በሐይቁ ላይ ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ገበሬው ልጆቹን ሊያበላ፣ የከተማው ሰው ጥሙን ሊያረካ፣ ባልቴቷ ወጥዋን ልታበስል ፈለጉ እንጂ፤ የሁሉም ጥቂት ጥቂት ተደምሮ ግን ሐይቁን አደረቀው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለበጎ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለጥፋትም ይሆናል። ሐይቁ በመድረቁም የሐረር ሰው ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል፣ የጕድጓድ ውኃ በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነበት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ዝናቡ በርትቶ፣ በተራሮቹም ላይ እርከን ተሠርቶ፣ በዚያ ስፍራ ውኃ እንደ ገና ይተኛ ጀመር። እንደ ቀድሞው ሙሉ ባይሆንም ወፎቹ ተመልሰዋል። ያ ልጅ ዛሬ ጕልማሳ ነው፤ አባቱንም እጁን ይዞ ወስዶ አሳየው። አባትየውም በውኃው ዳር ቆሞ ወፎቹን እንደ ልጅነቱ ይቈጥር ጀመር። ወደ ማደሪያቸው ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ልጁ ሳሙናውን እስኪያሻሽ ድረስ አባቱ ቧንቧውን ዘጋው። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም፤ ሁለቱም ግን ምክንያቱን ያውቁ ነበር።