የሩሲያ ሬጅመንቶች የደረት ዓርማ

በሩሲያ ንጉሠ ነገሥታዊ ጦር የሬጅመንት ዓርማ፣ ማለትም የአንድን የጦር ክፍል ታሪክና ክብር የሚያሳይ በደረት ላይ የሚደረግ ምልክት፣ በስፋት የተለመደው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዳግማዊ ኒኮላስ ዘመነ መንግሥት ነው። የመኮንኑ ዓርማ ብዙውን ጊዜ ከብር ተሠርቶ በኢናሜል፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ከማዕድኑ ጋር በሚዋሐድ ባለቀለም የብርጭቆ ልባጥ ሲያጌጥ፣ የተራው ወታደር ግን ባመዛኙ ኢናሜል ከሌለው ርካሽ ማዕድን ይታተም ነበር።

አዋቂ ሰብሳቢ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አጥብቆ ይመረምራል፤ በዚያ ዓርማውን ከልብስ ጋር የሚያስሩት ብሎንና ክብ ዳዶ፣ በብር ሥራ ላይም የመንግሥት ማኅተም ይገኛሉና። ማኅተሙ ኮኮሽኒክ የተባለውን የሩሲያ የራስ ጌጥ ያደረገች ሴት ራስ ሲሆን፣ እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ወደ ግራ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ አጠገቧ ያለው 84 ቁጥርም ከ96 እጅ 84ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል። ከእውነተኛው ላይ በቅርጽ የተቀዳ ሐሰተኛ ዓርማ ግን ብዙ ጊዜ ጠርዙ ደብዛዛ፣ ገጹም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው።

ጦሩ ከ1917 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ ስለፈረሰ፣ እያንዳንዱን ዓርማ ከነዳዶው ሳይፍቁና ሳይወለውሉ ማቆየት ታሪክን መጠበቅ ነው።