የትርፍ ጊዜዬ ነገር

መቼም የሥራ ማመልከቻ ወይም የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ ሰው በትምህርት ክፍላችን ያለ አይመስለኝም። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ ተብሎ ተብሎ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የምትል። ሁላችንም ብዙ ሳናስብ እንሞላታለን። መጽሐፍ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ሙዚቃ ማዳመጥ። ድሮ በየመጽሔቱ ላይ የብዕር ጓደኛ የሚፈልጉ ወጣቶችም የሚጽፉት ይህንኑ ነበር። ቅጹን የሚቀበለው ሰውም ያቺን መስመር ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

እኔ ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ደግሞ የአማርኛ ተማሪ ነኝ። በእኛ በሂሳብ ሠራተኞች ቋንቋ ትርፍ የሚባለው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። እንደዚያ ከሆነ የእኔ ቢጤ የማታ ተማሪ ትርፍ ጊዜ የለውም ማለት ነው። ቀኑን ሥራ ላይ ውዬ፣ ከ11፡30 እስከ 2፡30 ተምሬ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ ስገባ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሆኖም እስካሁን ያነበብኩት፣ ያየሁትና የቀመስኩት ነገር ሁሉ ከእኔ ላይ ቢቀነስ ምን ይቀራል ብዬ ሳስብ ሂሳቡ አልመጣ ይለኛል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

ከማንበብ ልጀምር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤታችን የጭቃ ቤት ስለነበረ አባባ ግድግዳውን በአሮጌ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ለብጠውት ነበር። እናላችሁ፣ እኔ ማንበብ የለመድኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግድግዳ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ አነብ ነበር። ወሬው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጋዜጣ ይደረብበትና ይቆረጣል። ከአልጋው ራስጌ ስለ አንድ የጠፋ በሬ የሚያወራ ጽሑፍ ነበር፤ በሬው ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ትምህርት ቤት ስገባ «አበበ በሶ በላ» መጣ። ከነጫላና ከነጩቤው ታውቁታላችሁ። መምህሮቻችን ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ እያሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲበልቷት ኖረዋል። እኔ ግን ተሳቢው ላይ ስደርስ ምራቄ ይመጣና ማሰሪያ አንቀጹን እረሳዋለሁ።

ለነገሩ በሶ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ገብሱ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ፣ ገለባው ተበጥሮ፣ እንደገና ተቆልቶ ነው የሚፈጨው። እማዬ ስትቆላ ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «በሶ ተቆላ እንዴ?» ብሎ ያልፋል። ዱቄቱ በትንሽ ውኃ፣ በጨውና በበርበሬ ይለወስና እየተጨበጠ ይበላል። ጫላ ጩቤውን ይጨብጥ፤ እኛ የምንጨብጠው በሶ ነበር። ጠብሰቅ ያለ ቀን ሲመጣ ደግሞ በንጥር ቅቤ ይታሽና ጭኮ ይሆናል። በሶ ቶሎ አይበላሽም፤ ለመብላትም እሳት አይፈልግም። ለዘማችና ለመንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው። ዛሬም ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሻንጣ ቢፈተሽ በሶና ዳቦ ቆሎ አይታጣበትም።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በሶ ታሽጎ በሱፐርማርኬት ይሸጣል። ጭማቂ ቤቶችም በማር በጥብጠው በብርጭቆ ያቀርቡታል። ጥሩ ነው፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ግን የሱፐርማርኬቱ በሶ ስልክ አይደውልም። እማዬ ግን በላከች ቁጥር ትደውላለች። ባለፈው ጊዜ «ደረሰሽ? አላረረብኝም? እጄን ስላመመኝ የሸከሸከችው የጎረቤት ልጅ ናት፤ ያስታውቃል እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ አያስታውቅም እማ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አያስታውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በሶው ላይ ሳይሆን እጇ ላይ ሆኖ ነው ሐሳቤ ያመሸው።

ወደ ቴሌቪዥን ልለፍ። በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የቤቱን እመቤት ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ደጃፋቸው ላይ ውኃ በባልዲ ያስቀምጣሉ፤ እግሩን ያልታጠበ ልጅ አይገባም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያኔ ብቸኛው ጣቢያችን ስለሆነ የምንጣላበት ምርጫ አልነበረም። ለእኛ ለልጆች የሚመጡት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረዋል። እሳቸው ከሣጥኑ ውስጥ ሰላም ሲሉን እኛ በአንድ ድምፅ እንመልሳለን፤ አይሰሙንም ብሎ የጠረጠረ ልጅ አልነበረም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እኔ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። አለቃችን ሳይቀሩ የወሩን ሂሳብ ትተው አባባ ተስፋዬን ሲያነሡ ዋሉ።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ያየሁትም እትዬ ቤት ነው፤ አባባ ጋቢያቸው ውስጥ አድርገውኝ። ዚዳን ሁለት ጎል በጭንቅላቱ አግብቶ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ረታች። እትዬ የብራዚል ደጋፊ ስለነበሩ ዋንጫው ሳይነሣ ቴሌቪዥኑን ዘጉት። አባባ እስከ ቤታችን ድረስ እየሳቁ ሄዱ።

ኋላ እኛም ቴሌቪዥን ገዛን። «ገመና»፣ ከዚያም «ሰው ለሰው» በሚታዩበት ጊዜ ቤታችን በተራው በጎረቤት ይሞላ ጀመር። አርቲስት አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የማይራገም አልነበረም። አንድ ቀን ሳይታይ ከቀረ ግን «ዛሬ አስናቀ የለም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው ያው ተራጋሚው ነው።

እስካሁን ያወራሁት የደጉን ቀን ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

በ2013 ዓ.ም. አባባ የበር መቃን መግጨት ጀመሩ። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ይፈስባቸዋል። እኛ እርጅና ነው አልን። የዓይን ሐኪም ግን ግላኮማ ነው አሉ። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሳያም ሳያስታውቅ፣ ከዳር ከዳሩ ብርሃንን እየቀነሰ ይመጣል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የሚሰጠው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። በዘርም ስለሚሄድ እኛ ልጆቻቸው እንድንመረመር ተነገረን። ታየሁ፤ «ለጊዜው ደህና ነሽ፣ በየዓመቱ ግን እየመጣሽ ታዪ» ተባልኩ። እናንተም በቤተሰባችሁ ይህ በሽታ ካለ ሳታዩት አትቅሩ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያላነበቡት ነገር ግን አልነበረም። ጋዜጣ፣ ልብ ወለድ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት ሳይቀር ያነባሉ። ከሐኪም ቤት ከተመለሱ በኋላም ጋዜጣ መግዛት አልተዉም። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ገጹን ግን አይገልጡም። ጥቂት ወራት ቆይተው መግዛቱንም ተዉ፤ ዕድር መሄድም ቀረ። እማዬ «አባትሽ ዝም አለ» ብላ ደወለችልኝ። ታመመ አላለችም፤ ዝም አለ ነው ያለችው።

መጀመሪያ የደረሰችላቸው ድመቷ ናት ብል አትሳቁብኝ። በእኛ አገር ድመት የሚያዝ ለአይጥ እንጂ ለፍቅር አይደለም። የእኛዋም የመጣችው ከገብሱ ጆንያ አይጥ እንድታባርር ነው። ስም እንኳ የላትም፤ ውሮ ነው የምትባለው። አባባ ዓይናቸው ደህና ሳለ «ሂጅ ከዚህ!» ነበር የሚሏት። እሳቸው ቤት መዋል ሲጀምሩ ግን ጋቢያቸው ላይ መተኛት ለመደች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ አይጥ ስታይ ከጭናቸው ላይ ትወረወራለች፤ ጨርሳ ትመለሳለች። ችግሩ እግራቸው ሥር እየገባች ልትጥላቸው ሆነ። እማዬ ብልሃት አታጣም፤ አንዲት ትንሽ ቃጭል አንገቷ ላይ አሰረችላት። አሁን አባባ ድመቷ የት እንዳለች በድምፅ ያውቃሉ። ቃጭሉ ለአይጦቹም ማስጠንቀቂያ ሆኗል ትላለች እማዬ፤ አባባ ግን ይፈታ አላሉም።

ቴሌቪዥኑንም እማዬ በሌላ መንገድ ከፈተችው። ድራማ ሲመጣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የሚታየውን ትነግራቸዋለች። «አሁን ገባ፤ ካፖርት ለብሷል። እሷ ፊቷን አዞረችበት። ኧረ ደብዳቤውን ደበቀችው!» እንዲህ እያለች ከኳስ ተንታኞቹ ትበልጣለች። አንዳንዴ ደስ ያላላትን ገጸ ባሕርይ ሆን ብላ ስታሳንስባቸው አባባ በድምፁ ያውቁታል። «አንቺ፣ ሰውየው እኮ እያለቀሰ ነው፤ ለምን አትነግሪኝም?» ይላሉ።

የእኔ ድርሻ ማንበብ ሆነ። ማታ ቤቴ እንደገባሁ እደውላለሁ፤ ስልኩ ጥቅል ስላለው ብዙ አያስወጣኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ አባባ በራሳቸው ዓይን አንብበውታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከውም ሰምተውታል። ወጋየሁ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለአባባ ግን እስከ ዛሬ ሚዛኑ እሱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ድምፄን ካላጎረነንኩ «ወጋየሁ እንዲህ አላነበበውም» ብለው ያስቆሙኛል። ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ግን አያቋርጡኝም። ስልኩ ጸጥ ይላል፤ ቃጭሉ ብቻ ቅልጭ ቅልጭ ሲል ይሰማኛል። ያኔ ድመቷ ጭናቸው ላይ እንደወጣች አውቃለሁ።

ዓይናቸው አልተመለሰም፤ አይመለስም። ዝምታቸው ግን ተመልሶ አልመጣም። በሁለተኛው ወር ዕድር ሄዱ። ሄደውም የተረኩት ስለ በሽታቸው ሳይሆን ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ነው። አሁን ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ማታ ማታ እኛ ቤት መጥተው ስልኩን ከበው ያዳምጣሉ። እማዬ በሶ በጥብጣ ታቀርባለች። የእትዬ ቤት ነገር በስልክ ተመልሶ መጣ ብላችሁ አታጋነኑም፤ እግር መታጠብ ብቻ ነው የቀረው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «አንቺ ፈተና ደርሶ ልብ ወለድ ታነቢያለሽ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እንቅልፌን የምከፍልባቸው ማታዎች አሉ። ግን እየውላችሁ፣ ብዙዎቻችን ደስታችንን ለኋላ እናስቀምጣለን። ስመረቅ፣ እድገት ሳገኝ፣ ቤት ስሠራ እንላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የበሶ ሽታ፣ የሰፈር ቴሌቪዥን፣ አንድ ምዕራፍ ልብ ወለድ፣ የምታንኮራፋ ድመት ሲታዩ ከእጅ የሚወድቁ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ። አባባ ሲጨልምባቸው የያዛቸው ግን የጡረታ ደብተራቸው ወይም የአገልግሎት ምስክር ወረቀታቸው አይደለም። እነዚሁ ጥቃቅኖች ናቸው። ደግሞ አንዳቸውም ብቻውን አልመጣም፤ አንዱ ሲሸከሽክ፣ ሌላው ሲያይለት፣ ሌላው ሲያነብለት ነው የሆነው። ስለዚህ እኔ ትርፍ ጊዜ የሚለውን ስያሜ አልወደድኩትም። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ብናገር፣ ይህ ዋናው ካፒታል ውስጥ የሚመዘገብ ነው።

መጽሐፉ እየተገባደደ ነው። የዚያ ታሪክ መጨረሻ ከርዕሱ ጀምሮ ስለሚታወቅ ሐዘኑ በአባባ ላይ እንዳይከብድ ብዬ፣ ባለፈው ሳምንት «ሌላ መጽሐፍ እንጀምር እንዴ አባባ?» አልኳቸው። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ ልጄ፤ አንቺ ብቻ አትቸኩዪ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በማታ አራት ገጽ ብቻ ነው የማነበው።

ቀጥሎ ምን ላንብብላቸው? በዚህ ትምህርት ክፍል ከመምህር እስከ ተማሪ አንባቢ ሞልቷል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጥሩ የሚሆን፣ ቢቻል ጉዱ ካሣን የመሰለ ነገረኛ ያለበት መጽሐፍ የምታውቁ ንገሩኝ። ሽማግሌዎቹም ከወዲሁ እየጠየቁ ነው።