ቤት የሚያድስ ሰው ስንፈልግ



የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሊያልቅ ነው፤ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ቤተሰቡ አቆይቶ የሚጠብቀው ሥራ አይጠፋም፦ ቅጽ መሙላት፣ ባንክ መሄድ፣ እንደኛ ከሆነም ቤት የሚያድስ ሰው መፈለግ። አምና ለእኛ ለሦስቱ እህትና ወንድሞች የደረሰን ይኸኛው ነው። ምናልባት ለሌላውም ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

ደሴ ያለው የእናታችን ቤት የጭቃ ነው። ጣሪያው ዝጎ ያፈስሳል፣ የጓዳው ልስንም ረግፏል። የማሳደሻው ገንዘብ የመጣው ጂዳ በሰው ቤት ከምትሠራው ታላቅ እህታችን ነው፤ ለአራት ዓመት ያጠራቀመችው። አማና ነው። አንድ ቆርቆሮ ቢበላሽ እሷ ስንት ቀን እንደገና ትሠራለች ብለን እናሰላ ነበር።

ሦስት ሰዎች አነጋገርን። አንደኛው ጎረቤታችን ነው፤ ከመስጊድ የማይጠፋ፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው። ዋጋውን ደጃፍ ላይ ቆሞ ነገረን፣ ግማሹንም ቀብድ ጠየቀ። ውል እንጻፍ ስንለው «በወንድማማች መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለ። የእናታችን ልብ ወደሱ አዘንብሎ ነበር። እኛ ግን ሶላቱን እንጂ ልስኑን አላየንም። በሱረቱል ቀሰስ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥረው አባቷን የመከረችው ልጅ ብርታቱንም ታማኝነቱንም አንስታለች፤ አንዱ ብቻውን ጣሪያ አያቆምም።

ሁለተኛው ዋጋው እጅግ ርካሽ ነበር። የስንት ጌጅ ቆርቆሮ እንደሚያለብስ ስንጠይቀው «ያው ቆርቆሮ ነው» ስላለን አልገፋንበትም። (ለማያውቅ፦ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የሳሳ ነው።)

ሦስተኛው ብዙ አይናገርም። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት መሰላል አስመጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ሲወርድ ቆርቆሮውን ከተሸከሙት እንጨቶች ሁለቱ መበስበሳቸውን ነገረን። ከዚህ በፊት የሠራቸውን ሦስት ቤቶችም ጠቆመን፤ ሄደን አየናቸው። ከሁሉም በላይ የምንመክረው ይህንን ነው። ክረምት ያለፈበትን ቤት እዩ፤ አዲስ ልስንማ የማን አያምርም! ባለቤቶቹንም ሠሪው በሌለበት ጠይቁ። አንዲት እናት ሳይደብቁ «ሁለት ሳምንት አዘግይቶኛል» አሉን። ቀጥለው ደግሞ መስኮቱ ሥር ስንጥቅ ሲወጣ ያለ ክፍያ መጥቶ እንደጠገነላቸው ነገሩን፤ ቦታውንም አሳዩን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልፈለግንም።

ዕቃውን ራሳችን ልንገዛ፣ እሱም በእጅ ዋጋ ሊሠራ ተስማማን። ውሉን ከመካከላችን ሕግ የምታጠናው ጻፈችው፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። የቆርቆሮው ጌጅ፣ የልስኑ ውህድ (አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ)፣ ልስኑ ለሰባት ቀን ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ሁሉ ሰፈረበት። ክፍያው አራት ቦታ ተከፈለ፤ የመጨረሻው ሩብ የሚሰጠው የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጭ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬ የ10 ዓመት ዋስትና አለበት ይላል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ግን ማን ምን እንደሠራለት ማስረዳቱ ራሱ ይከብደዋል።

ያልጠበቅነው የሱን ጥያቄ ነበር። ውሉ ተነብቦ እስኪያልቅ አዳምጦ «የእኔስ?» አለ። አንድ አሠሪ ሥራው ካለቀ በኋላ ሰበብ እየፈለገ የመጨረሻውን ክፍያ አስቀርቶበታል። ስለዚህ የቀን ሠራተኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲከፈላቸው፣ ጣሪያው ካላፈሰሰም ሩቡ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲሰጠው አስጻፈ። እውነቱን ነው። ታማኝ ሠሪ ፍለጋ ስንዞር ታማኝ አሠሪ መሆናችንን የጠየቀን አልነበረም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ ያ ሩብ ክፍያም በእኛ ላይ ያለ ዕዳ ነበር።

ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። አንደኛው ያ የመጀመሪያው ጎረቤታችን ነው፤ ቅር እንዳይለው ብላ እናታችን ናት ያስጠራችው። ቡና ጠጥቶ፣ ውሉን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ።

ሥራው ካሰብነው ቀን አምስት ቀን ዘገየ። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ጠብታ አልወረደም። ገንዘቡን በማግስቱ ከፈልን። እህታችን የጣሪያውን ፎቶ ጠይቃን ላክንላት፤ አይታ ስታበቃ ኮርኒሱ ደግሞ ለከርሞ ኢንሻአላህ አለች፣ ሰውየውንም ከአሁኑ ያዙልኝ ብላለች።