«ቫን ልግዛ ወይ?» ለምትሉኝ

ቲክቶክ ላይ በአማርኛ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ወንድማችን ነጭ ቫን አጠገብ ቆሞ ስልኩን ወደ ካሜራው ያዞራል። ስክሪኑ ላይ የሳምንት ገቢ ተጽፏል፤ 3 ሺህ ዶላር። «ሲዲኤል አያስፈልግም፣ አለቃ የለም፣ ዛሬውኑ ጀምሩ» ይላል። ከዚያ የሚያስተምርበት ግሩፕ ሊንክ ይከተላል። ግሩፑ በክፍያ ነው።

ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። እኔም 3 ሺህ ያየሁበት ሳምንት አለ። ግን ያ ቁጥር ነዳጅ ያልተቀነሰለት፣ ኢንሹራንስ ያልተቀነሰለት፣ የመኪና ዕዳ ያልተቀነሰለት፣ እንቅልፍም ያልተቀነሰለት ቁጥር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የምጽፈው ስለ አገር ቤት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ተቀምጬ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቫን እየነዳሁ በጎን እጽፋለሁ (ወይም እየጻፍኩ በጎን እነዳለሁ፤ የትኛው እንደሆነ የባንክ ሒሳቤን ጠይቁት)። ስለዚህ በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ፖለቲካ መሆኑ ቀርቶ «ያዋጣል ወይ?» የሚል ሆኗል። ለሁላችሁም አንድ ጊዜ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

አገር ቤት ላላችሁ ሥራውን ለማስረዳት ቀላሉ መንገድ የጫት አይሱዙ ነው። ጫት ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚከፈለው ለክብደቱ ሳይሆን ለሰዓቱ ነው። አይሱዙን «አልቃይዳ» ያሰኘው ፍጥነት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ «ኤክስፔዳይትድ» የሚባለው ጭነት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ እዚህ የሚጠወልገው ግን ቅጠል ሳይሆን ፋብሪካ ነው።

የመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በመጋዘን ማከማቸት አይወዱም። ቶዮታ ጃፓን ውስጥ የጀመረውና ኋላ ዓለም የቀዳው አሠራር ዕቃው የሚገጠምበት ሰዓት ሲቃረብ ብቻ እንዲደርስ ያደርጋል። በዚህ የመጋዘን ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ካርቶን ብሎን ከዘገየ የመገጣጠሚያው መሥመር ሊቆም ይችላል፤ መሥመር ከሚቆም ደግሞ ለአንድ ቫን መክፈል ይረክሳል። ይህ ንግድ ኦሃዮ ውስጥ ሥር የሰደደውም ለዚህ ነው። በዘርፉ ቀዳሚ ከነበሩት አንዱ ሮበርትስ ኤክስፕረስ የአክረን ከተማ ኩባንያ ነበር፤ ኋላ ፌዴክስ ከስተም ክሪቲካል ተባለ። የሆንዳ ፋብሪካ ሜሪስቪል፣ የቶዮታው ኬንታኪ ጆርጅታውን ነው፤ ሁለቱም ከኮሎምበስ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ብቻውን ከ400 ማይል በላይ ወስጃለሁ። ሌላው ቦታ ባዶ ነበር። መጀመሪያ ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ቫን? ሕጉ ስለሚለቀው ነው። የፌዴራሉ ደንብ ሙሉ ቁጥጥሩን የሚያሳርፈው ከነጭነቱ እንዲይዝ የተፈቀደለት ክብደት 10,001 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ቶን ገደማ፣ እና ከዚያ በላይ በሆነ ተሽከርካሪ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚገዙት ስፕሪንተር፣ ትራንዚትና ፕሮማስተር አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ስለዚህ ሲዲኤል የለም፣ የሐኪም ምርመራ ወረቀት የለም፣ የሰዓት መዝገብ የለም፤ ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። በራስ ስም የሰው ዕቃ በክፍያ ከስቴት ስቴት ለማጓጓዝ ግን የፌዴራል ፈቃድና ቢያንስ የ300 ሺህ ዶላር የኃላፊነት መድን ያስፈልጋል። ደላሎቹ ደግሞ በተለምዶ 1 ሚሊዮን ይጠይቃሉ። አዲስ ጀማሪ ይህን መድን ከየት ያመጣል? ስለዚህ በሌላ ኩባንያ ፈቃድ ሥር ይገባል፤ ከየጭነቱም ድርሻ ይቆረጥበታል። «አለቃ የለም» የሚለው ነገር እዚህ ጋ መሸራረፍ ይጀምራል።

በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቋሚ መኖሪያ ለሌላቸው ስደተኞች የሚሰጠውን ሲዲኤል በእጅጉ የሚያጠብ ደንብ አወጣ። ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ገባ። የእኛ ልጆች ግን ፍርዱን አልጠበቁም። የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተቋጨ፣ ትራክ ለመማር ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የነበሩ የማውቃቸው ልጆች ፊታቸውን ወደ ቫን አዙረዋል። አልፈርድባቸውም። የተከፈተው በር እሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ትልቅ ትራክ የሚነዳ ሰው 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ይህን የሚቆጥረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው። ትራክ ነጂዎች መሣሪያውን ሲራገሙት ትሰማላችሁ፤ እኔ ግን እቀናባቸዋለሁ። ደላላው «ትንሽ ግፋ» ሲላቸው «ማሽኑ አይፈቅድም» ይላሉ፤ ወሬው እዚያ ያበቃል። ቫን ላይ ማሽን የለም። ሕጉ የሾፌርን ድካም የሚለካው በመኪናው ክብደት ነው፤ ቀላል መኪና የሚነዳ ሰው እንቅልፍ የማይወስደው ይመስል።

አንድ ቀን ቴክሳስ፣ ላሬዶ ላይ ከሜክሲኮ የተሻገረ ዕቃ ተገኘ። መድረሻው ኮሎምበስ፣ የገዛ ቤቴ፤ 1,400 ማይል ገደማ። ባዶዬን ከመመለስ ያድነኛል። ዲስፓቸሩ ደውሎ «ነገ ማታ ይገባል አይደል?» አለኝ። ለነዳጅ ብቻ እየቆመ የሚሄድ ሰው ወደ 22 ሰዓት ይፈጅበታል። መሀል ላይ መተኛት እንዳለብኝ ነገርኩት። በቁጣ አልመለሰልኝም፤ እንዲያውም ሊረዳኝ በሚፈልግ ድምፅ «ወንድሜ፣ የያዝከው ቫን ነው፤ ሎግ የለህም እኮ» አለኝ።

ጭነቱን አልወሰድኩም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከሰሌዳው ጠፋ። ባልና ሚስት ሆነው በፈረቃ የሚነዱ አሉ፤ እነሱ ወስደውት ከሆነ ጥሩ ጭነት ነው፤ ይባረክላቸው። ግን ስንት ሰው እንደሆንን የጠየቀን አልነበረም። ብቻውን ያለ፣ ኪራይ የደረሰበት አንድ ልጅም ሊወስደው ይችል ነበር። ዋጋውን ዝቅ የሚያደርገውም ይህ ነው። እኔ የሌሊቱን እንቅልፍ ሒሳብ ውስጥ አስገብቼ ዋጋ ስጠራ፣ የማያስገባው ሰው ሁልጊዜ ከእኔ በታች ይጠራል። ከጥቂት ወራት በኋላ የእሱ ዋጋ የሁላችንም ዋጋ ይሆናል።

ወደ ቁጥር ልግባ። ከደብተሬ አንድ ተራ ጭነት አወጣሁ፤ የከፋውንም የተሻለውንም አልመረጥኩም። ከኮሎምበስ ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ወደ 660 ማይል። የኩባንያው ድርሻ ከተቆረጠ በኋላ ለእኔ 720 ዶላር። በማይል ከ1 ዶላር በላይ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ያምራል። ዕቃውን ለማንሳት 45 ማይል ባዶ ሄድኩ። ማክሰኞ ጠዋት አራገፍኩና ሌላ ጭነት ስጠብቅ ዋልኩ፣ አደርኩ። አልመጣም። ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ሴንት ሉዊስ ይሻላል ብዬ 250 ማይል ባዶዬን ነዳሁ። ጠቅላላ 955 ማይል። ነዳጅ 191 ዶላር። የመኪና ክፍያዬ በወር 890፣ ከክፍያዬ የሚቆረጠው ኢንሹራንስ 640 ነው፤ የሁለት ቀን ድርሻቸው 102። ለጎማ፣ ለዘይትና ለፍሬን በማይል 10 ሳንቲም አስቀምጣለሁ፤ 96። የቀረው 331 ዶላር ነው። ለ48 ሰዓት ብታካፍሉት በሰዓት 7 ዶላር አይሞላም። ምግብና ግብር ገና አልተነካም፤ በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው ብቻ 15.3 በመቶ ነው።

«የተኛህበትን ሰዓት ለምን ትቆጥራለህ?» የሚለኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የነዳሁበትን ብቻ ከቆጠርኩ ሒሳቡ ያምራል። ነገር ግን የተኛሁት ቤቴ አይደለም። ካንሳስ ሲቲ ነዳጅ ማደያ ጓሮ፣ ቫን ውስጥ፣ ስልኬ ደረቴ ላይ ሆኖ ነው። ስልኩ ቢጠራና ባላነሳ ጭነቱ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል። መጋዘን ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ወንበር ላይ ቢያንጎላጅም በሰዓት ይከፈለዋል።

የእኔን ሒሳብ ካላመናችሁ የግብር መሥሪያ ቤቱን እመኑ። ለ2025 አንድ መኪና ለሥራ ሲነዳ የሚያወጣውን በማይል 70 ሳንቲም ብሎ ተምኗል። 955 ማይል በ70 ሳንቲም 668 ዶላር ይሆናል። ከ720 ላይ ስንት እንደሚቀር እናንተው ቀንሱ። የእኔ ወጪ ከዚያ ያነሰው መኪናውን ያገለገለ ስለገዛሁና የሚያረጅበትን ስላልቆጠርኩ ነው። ማርጀቱ ግን አይቀርም።

ወረርሽኙ ጊዜ፣ 2020 መጨረሻና 2021፣ የጭነት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ያኔ የሠራ ሰው ሲያወራ ሐሰት አያወራም፤ ግን ስለ ያኔ ነው የሚያወራው። ከ2022 ጀምሮ ገበያው ወረደ። በ2023 ወደ 30 ሺህ ሠራተኛ የነበረው የሎው ኩባንያ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት ብዙ ሚሊዮን የፈሰሰበት የሲያትሉ ኮንቮይ ተዘጋ። ትልልቆቹን የጣለ ንፋስ አንድ ቫን ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያደርገው መገመት አያቅትም።

ስለ ደላላ ደግሞ አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚህም ያው ነው፤ ኮምፒውተር ፊት መቀመጡ ነው ልዩነቱ። ላኪው ስንት እንደከፈለ አታውቁም፤ ለእናንተ የደረሰውን ብቻ ታያላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፌዴራሉ ደንብ ክፍል 371.3 ደላላው የያዘውን የክፍያ መዝገብ የማየት መብት ለተዋዋዮቹ ይሰጣል። ደላሎቹ ይህን መብት የሚያስተው አንቀጽ በውላቸው ይከታሉ፤ እኛም ሳናነብ በስልካችን እንፈርማለን። በኖቬምበር 2024 መሥሪያ ቤቱ ደንቡን ለማጠናከር ሐሳብ አቅርቧል፤ የደላሎቹ ማኅበር ተቃውሟል። በእኛ ማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ የበዓል አዳራሽ ኪራይ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ክፍያ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ወረቀቱ ካልጠፋ። በቁራጭ ጽሑፍ የምንኖር ሰዎች ይህን ጠባይ እናውቀዋለን፤ ጽሑፍ ግን ነዳጅ አይጠጣም። ቶሎ የሚፈልግ ሰው ሰነዱን ለሌላ ድርጅት ቀንሶ ይሸጣል። ደላላው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ያስያዘው የ75 ሺህ ዶላር ዋስትና አለ፤ ያንን የሚካፈሉት ግን ያልተከፈላቸው ሁሉ ናቸው።

ይህን ሁሉ ብዬ ሥራውን እንደምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሌሊት ኢንዲያናን አቋርጦ ሲነጋ ሚሲሲፒን መሻገር ደስ ይላል። የሚጣራ ፎርማን የለም፤ ቡና ስፈልግ እቆማለሁ። ይህን ጽሑፍ ራሱ ግማሹን የጻፍኩት ፎርክሊፍት እየጠበቅኩ ነው። የሚያተርፉ ሰዎችም አውቃለሁ። የመኪና ዕዳ የሌለባቸው ናቸው፤ ወይም ያለ ደላላ በቀጥታ የሚያሠራቸው አንድ ሁለት ደንበኛ ያገኙ። ሁለቱም የመጡት ከጊዜ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ወር አይደለም።

የአክስቴ ልጅ በሚመጣው ወር እቁብ ይወጣለታል፤ 12 ሺህ ዶላር። መጋዘን ውስጥ በሰዓት ይሠራል፣ ለእናቱም በየወሩ ይልካል። ሙሉውን ለቫን ቀብድ ሊሰጥ ነው። አትግዛ አላልኩትም። ግማሹን አትንካው፤ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ትበላበታለህ አልኩት። ትንሽ ቀብድ የሚበቃው አሮጌ ቫን ፈልግ፣ ከመጋዘኑም ወዲያው አትውጣ፤ በዕረፍት ቀኖችህ ከኮሎምበስ በ200 ማይል ውስጥ ያለውን ጭነት ሞክርና ባዶ የሄድከውን ማይል በደብተር ጻፍ አልኩት። እቁቡ ዕዳ እንደሆነም አስታወስኩት፤ ገና የሚጥላቸው ወራት አሉ።

«አንተስ ታዲያ ለምን አትተወውም?» አለኝ።

የእኔ መኪና ዕዳው የሚያልቀው በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ነው። ወር በገባ ቁጥር 890 ዶላር ከላዬ ሲወርድ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል፤ እሱን እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው 10 ሰዓት ከነዳሁ አቆማለሁ፤ ማሽን ስለሌለኝ በስልኬ ደወል ነው የምቆጥረው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ወር አራት ጭነት አምልጦኛል። አራቱንም ደብተሬ ላይ በቀይ ጽፌአቸዋለሁ፤ በድምሩ 2,340 ዶላር ናቸው።